ለአንድ ሰው የተባለ ምክር፤ ገድለ ወለተ ጴጥሮስን እንደገና ማንበብ

በየቀኑ ስልካችን ላይ የሚዘዋወር አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። አንድ አባት ተቀምጠዋል። መስቀላቸው በእጃቸው ነው፤ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ነው። «ልጄ፣ ታገሺ» ይላሉ። ወይም ደግሞ «ልጄ፣ ተይው»። ከአርባ ሰከንድ አይበልጥም። ከሥሩ «አሜን»፣ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን»፣ «ይሄ ለእኔ ነው የተነገረው» የሚሉ አስተያየቶች ተደርድረዋል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥያቄው። የጠየቀቻቸው ማን ነበረች? ምን ብላ? ባሏ የሚያመሽ ነው ወይስ የሚደበድብ? ልጅ አላት? የምትጠጋበት ዘመድስ? ቪዲዮውን የቆረጠው ሰው ይህን ሁሉ እንደ ትርፍ ቆጥሮ አውጥቶታል። መልሱ ብቻውን ቀርቶ፣ ያቺን ሴት በምንም የማይመስሉ ስንትና ስንት ሰዎች ቤት ይገባል።

አባቶችን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሳው። መልሳቸው ለጠየቀቻቸው ሴት ልክ ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ የጽሑፍ ጉዳይ ነው፤ ለአንድ ሰው የተባለ ነገር ሲጻፍና ሲባዛ ምን ይሆናል? በመንፈሳዊ መሪና በተከታይ መካከል ያለው ነገር በባሕርይው የአንድ ለአንድ ነው። መጽሐፍ ደግሞ የአንድ ለብዙ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ መንገድ ላይ የሚወድቅ ነገር አለ። ጥያቄው ከስልክ በጣም ይቀድማል። የሚወድቀው ነገር ምን እንደሆነ፣ አንዳንዴም እንዴት ማዳን እንደሚቻል የሚያሳይ መጽሐፍ እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ ጣና ዳር አለን። ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ይባላል።

መጽሐፉና ቦታው

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ፣ ከወረታ ወደ ሐሙሲት የወረደ ሰው ከጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ብዙም አይርቅም። ቋራጣ እዚያ ናት፤ ዛሬ ደራ ወረዳ ውስጥ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴ የሚበዛባት የታወቀች ከተማ ነበረች። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ግን ስሟ የሚነሳው ከአንዲት መነኩሲት ማኅበር ጋር ነው።

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከትልቅ ቤተሰብ ተወለደች (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እ.ኤ.አ. ነው)። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል ለነበረው ለመልክዐ ክርስቶስ ተዳረች። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት በዞረበት ዘመን ባሏን ትታ መነኮሰች፤ ተቃወመች፣ ተከሰሰች፣ ተጋዘች። በመጨረሻም በጣና ዙሪያ ወንዱም ሴቱም የሚከተላት እናት ሆነች። በ1642 ዐረፈች፤ በዓሏ ኅዳር 17 ይውላል። ከእሷ በኋላ ማኅበሩን የመራችው የዘመን ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስ ናት።

ገድሉን የጻፈው ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ነው፤ በ1672 ገደማ፣ ከሞቷ 30 ዓመት በኋላ፣ በግእዝ። አብረዋት የኖሩ ሰዎች የነገሩትን ሰብስቦ ነው የጻፈው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1912 ግእዙን አሳተመው። ላንፍራንኮ ሪቺ በ1970 ወደ ጣሊያንኛ መለሰው። በ2015 ደግሞ የዌንዲ ቤልቸርና የሚካኤል ክላይነር የእንግሊዝኛ ትርጉም ወጣ። ብዙዎቻችን የገድሉን ስም የሰማነው በዚህ በመጨረሻው ትርጉም በተነሳው ክርክር ነው። ትርጉሙ የመነኮሳይያቱን ግንኙነት ያቀረበበት መንገድ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስቆጥቷል፤ ይርጋ ገላው ወልደየስ በ2020 ረዘም ያለ ትችት ጽፎበታል። ክርክሩ መደረጉ ተገቢ ነው። ግን አንድ ጉዳት አስከትሏል፤ ኦንላይን ላይ መጽሐፉ የአንድ ገጽ መጽሐፍ ሆነ። ወገን ለይተን በዚያች ገጽ ላይ ስንጣላ ሌላውን ሳናነበው ቀረን።

ሌላው ገጽ ደግሞ በአብዛኛው ስለ መምራት ነው። አንዲት ሴት ሌሎችን እንዴት መራች? ማንን ምን አለች? የተባሉትስ ምን አደረጉ? እስቲ በዚህ ዓይን እናንብበው።

አንድ ትእዛዝ ለአገር ሁሉ

ገድሉ ውስጥ ወለተ ጴጥሮስ ብቻዋን አይደለም የምትመራው። ተቀናቃኝ አላት። ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ኢትዮጵያ ገባ፤ በሚቀጥለው ዓመት ንጉሡ ለሮም መገዛቱን በይፋ አወጀ። ከዚያ የተከተለው ለአገር ሁሉ የወጣ አንድ ትእዛዝ ነው። ካህናቱ እንደ አዲስ እንዲሾሙ፣ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፣ ግዝረት እንዲቀር፣ የጾምና የበዓል ሥርዓት እንዲለወጥ። ሜንዴዝ የተማረ ሰው ነበር፤ የሚያዝዘውም ትክክል እንደሆነ ይተማመን ነበር። ሆኖም ትእዛዙ የእንትናን ቤትና የእንትናን ቤት አይለይም። ገበሬውንም መነኩሴውንም በአንድ ቃል ይናገራል።

ገድሉ ይህን ሰው ከወለተ ጴጥሮስ ጋር ፊት ለፊት ያገናኘዋል። ንጉሡ እንዲያስተምራት ይልከዋል፤ እሱም እየተመላለሰ ይሞክራል፤ አልሆነም። ከዚያ ነው ወደ ዠበይ የተጋዘችው። ሦስት ዓመት ቆየች። የሚገርመው ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ተከታዮች ወደ እሷ መሰባሰብ የጀመሩት ግዞት ላይ እያለች፣ ምንም ማዘዝ በማትችልበት ጊዜ ነው። ገድሉ ኋላ የምትመሠርታቸውን ሰባት ማኅበራት ሲቆጥር ከዠበይ ይጀምራል። ፓትርያርኩ ንጉሥ ከኋላው ቆሞ አንዲት ሴት ማሳመን አቃተው። እሷ ደግሞ ጠባቂ ከኋላዋ ቆሞ ማኅበር መሠረተች። በ1632፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ ሱስንዮስ ትእዛዙን ሻረው።

ገላውዴዎስ የአሸናፊውን ወገን ታሪክ ነው የሚጽፈው፤ ስለዚህ ንጽጽሩን ማጋነኑ አይቀርም። ቢሆንም ንጽጽሩ የራሱ እውነት አለው። ሰው ሕይወቱን የሚለውጠው በአዋጅ ሳይሆን በሚያውቀውና በሚያምነው ሰው ነው ይላል መጽሐፉ።

የገድሉ ምርጥ ክፍል

ገድሉ እንደ ጽሑፍ በጣም የሚበረታው የት ላይ ነው ብባል፣ ከባሏ የሸሸችበትን ክፍል እጠቁማለሁ። ሁለት ጊዜ ነው የሸሸችው። በመጀመሪያው ጊዜ መነኮሳት ረድተዋት ወጣች። መልክዐ ክርስቶስ ግን ጦር ይዞ ፍለጋ መጣ፤ ያለችበት አገር ሰው በእሷ ምክንያት መከራ አየ። እሷም ሰው እንዳይጠፋ ብላ ተመለሰች። ከዚያ በ1617 አቡነ ስምዖን ተገደሉ። ባሏ በዚህ ነገር እጁ እንዳለበት ስታውቅ አብራው ልትኖር አልቻለችም፤ ሁለተኛውን ጊዜ ለዘለቄታው ሄደች።

አሁን ወደዚያ የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ እንመለስ። «ታገሺ» የሚለው ሰው ከዚህ ገድል ማስረጃ ያገኛል፤ ተመልሳለች። «ተይው» የሚለውም ማስረጃ ያገኛል፤ ትታዋለች። ገድሉን ቆርጦ ማሰራጨት ቢፈለግ ሁለት የሚቃረኑ ቪዲዮዎች ይወጡታል። ሙሉውን ሲያነቡት ግን ቅራኔ የለውም። መጀመሪያ የተመለሰችው የሌሎች ሕይወት ስለተያዘ ነው። ኋላ የሄደችው ነገሩ ከትዳር ችግርነት አልፎ የኅሊና ጉዳይ ስለሆነ ነው። ልዩነቱን የሚያሳየን የተጻፈ ሕግ የለም፤ የሚያሳየን ሁኔታው ነው። ገላውዴዎስ ሁኔታውን ስላስቀመጠልን አንባቢዋ «የእኔ ነገር የትኛውን ይመስላል?» ብላ መጠየቅ ትችላለች።

ይህን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። በዓሏን የምናከብርላት ቅድስት ባሏን የተወች ሴት ናት። የሚደበድባት ባል ያለባትን ሴት፣ ሁኔታዋን ሳይጠይቁ፣ በቅዱሳን ስም «ታገሺ» ማለት የቅዱሳኑን ታሪክ ካለማንበብ የሚመጣ ነው። የዚያኑ ያህል፣ ገድሉን መዝዞ ለማንኛዋም ሴት «እሷም ትታለች፣ አንቺም ተይ» ማለት ያው ስህተት ተገልብጦ ነው። መጽሐፉ ሁለቱንም አይልም።

ሌላው ጠንካራ ነገር ሥራው ነው። ገድሉ ይህቺን የመኳንንት ልጅ ስትፈጭ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም ያሳያታል። በዚያ ዘመን የአንዲት ወይዘሮ እጅ መጅ መያዙ ራሱ ንግግር ነው። ብዙውን ጊዜ ምክሯ አፏ ላይ ከመድረሱ በፊት እጇ ላይ ነው የሚታየው። ይህ ለጽሑፍም ይመቻል። «ትሑት ሁኚ» የሚል ቃል ለማን እንደተባለ ካልታወቀ ሰው መጨቆኛ ሊሆን ይችላል። ስትፈጭ የታየች እመቤት ግን ማንንም አትጨቁንም። ያየ ይማራል፣ ያላየ ያልፋል።

የተሳካውን ብቻ የሚመዘግብ መዝገብ

መጽሐፉ የሚደክመው ደግሞ ከታሪክ ወጥቶ ወደ ተአምርና ወደ ሥርዓት ሲሻገር ነው። እዚያ ወለተ ጴጥሮስ የተከታዮቿን ልብ ሳይነግሯት ታውቃለች። ማንም የሚደብቃት ነገር የለም። የታዘዘ ይድናል፤ ያልታዘዘ ይቀጣል።

እንደ እምነት ይህን ለመመዘን አልተነሳሁም። እንደ ጽሑፍ ግን አንድ ነገር ያሳጣናል፤ የተከታዩን ድምፅ። ሳይጠይቁ የሚመለስላቸው ሰዎች ጥያቄ አይኖራቸውም። አንዲት ወጣት መነኩሲት ማታ ላይ ምን እንደከበዳት፣ እናቷን ምን ብላ ለመጠየቅ እንደፈራች፣ መልሱን ስትሰማ ምን እንደተሰማት አናውቅም። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ታዛ ነገሩ ያልሆነላት አንዲትም ሴት የለችም። የገድል ወግ ይህን አይፈቅድም። ገድል የሚጻፈው ቅድስናን ለመመስከር ነው፤ ያልተሳካ ምክር ለምስክርነት አይጠራም።

እኔ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። በእኛ ሙያ ስህተት የማይመዘግብ መዝገብ እንደሌለ ይቆጠራል። አንድ ሲስተም ሁልጊዜ «ተሳክቷል» ብቻ የሚል ከሆነ መጀመሪያ የምንጠረጥረው መዝገቡን ነው። ደግሞም አንድ ደንበኛ ችግር ሲያመጣ መልሳችን ከነጥያቄው ነው የሚቀመጠው። ምን ዓይነት ስልክ ነበር፣ የትኛው ስሪት ነው፣ ምን ሲነካ ተበላሸ? መልሱን ብቻ ያስቀመጠ ሰው ቀጥሎ ለሚመጣው ባልደረባው ወጥመድ ነው የተወለት። የሰው ነፍስ ሶፍትዌር አይደለችም። ለሶፍትዌር የምናደርገውን ጥንቃቄ ለነፍስ ብንነፍግ ግን ያሳፍራል።

ጥያቄውን ያልጣለ መጽሐፍ

ይህ ጥንቃቄ ለእኛ ሥነ ጽሑፍ እንግዳ ነገር እንዳይመስል። ከመጻሕፍተ መነኮሳት ሦስቱ፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ በየገዳሙ ሲነበቡና በአንድምታ ሲተረጎሙ ኖረዋል። ከሦስቱ ፊልክስዩስ የተሠራበት መልክ ራሱ ምክር እንዴት መጻፍ እንዳለበት ትምህርት ይሰጣል። መጽሐፉ መነሻው የሶርያ ነው፤ የኳታሩ ዳዲሾ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ሲሆን በዐረብኛ በኩል አልፎ ወደ ግእዝ ገባ። የበረሃ አባቶችን ታሪክ ይዞ ወንድሞች ይጠይቃሉ፤ አረጋዊው ይመልሳል። ጥያቄ፣ መልስ፤ ጥያቄ፣ መልስ። እስከ መጨረሻው።

ለምን ጥያቄ አስፈለገ? የአባቶቹ ታሪክ እርስ በርሱ የሚጋጭ ስለሚመስል ነው። በበረሃ አባቶች ዘንድ የታወቀ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አንድ እንግዳ አባ አርሳንዮስን ለማየት ከሩቅ መጣ። አርሳንዮስ ቃል ሳይተነፍስ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ እንግዳው አፍሮ ወጣ። ከዚያ ቀድሞ ሽፍታ ወደነበረው ወደ ሙሴ ጸሊም ወሰዱት። ሙሴ በደስታ ተቀብሎ አስተናገደው። አንድ አባት ይህን ሰምቶ ግራ ገባውና ጸለየ። አንዱ ስለ እግዚአብሔር ብሎ ከሰው ይሸሻል፤ ሌላው ስለ እግዚአብሔር ብሎ ሰው ይቀበላል፤ እንዴት ነው ነገሩ? በራእይ ሁለት ታንኳ አየ። በአንደኛው አርሳንዮስ በመንፈስ ቅዱስ ዝምታ ይጓዛል። በሌላው ሙሴ ከመላእክት ጋር ማር ይበላል።

ታሪኩ ማን ትክክል እንደሆነ አይፈርድም። ሁለቱም ታንኳ ይሄዳል። ፊልክስዩስ የሚያድገው እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው፤ ይህ ለምን ለእገሌ እንዲህ ተባለ፣ ለሌላው እንዲያ? አንባቢው እንዲጠይቅ ይፈቀድለታል፤ እንዲያውም ይበረታታል። የአንድምታ ትርጓሜያችንም ቢሆን «አንድም» እያለ ሁለተኛ በር የሚከፍት ነው። አንድን ቃል በአንድ መንገድ ብቻ መረዳት ግዴታ እንዳልሆነ የሚያውቅ ባህል አለን። ቪዲዮው ውስጥ ግን «አንድም» የለም።

ወደ ሊዮዝና የመጡ ጠያቂዎች

ከኛ ርቀን አንድ ሌላ ምሳሌ እንይ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች መካከል ሐሲዲም የሚባሉ ተነሱ። ማኅበራቸው የሚቆመው በአንድ መሪ ዙሪያ ነው፤ «ረቤ» ይሉታል። ተከታዩ ስሙንና የእናቱን ስም፣ ከነችግሩ፣ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይዞ ይገባል። ረቤው ያነባል፣ ይመክራል፣ ይባርካል። ልጅ አጣሁ፣ ንግዴ ከሰረ፣ ልቤ ጸሎት ላይ አልቆም አለኝ። ሁሉም ወደዚያች ክፍል ይገባል።

የሊያዲው ሽኔዎር ዛልማን (1745–1812) በሊዮዝና ከተማ ሳለ ችግር ገጠመው። የሚመጣው ሰው ከአቅም በላይ ሆነ። ማን መቼ መምጣት እንደሚችል የሚወስን ደንብ እስከማውጣት ደረሰ። ቀጥሎ መልሶቹን በጽሑፍ ማዘጋጀት ጀመረ። ጽሑፎቹ በእጅ ሲገለበጡ ስህተት ስለበዛባቸው በ1796 አሳተማቸው። መጽሐፉ ታንያ ይባላል፤ እስከ ዛሬ ይነበባል።

እኔን የሚስበኝ መቅድሙ ነው። ደራሲው ገና መጽሐፉ ሳይጀምር የመጽሐፉን ድካም ይናገራል። ሰው ከመጽሐፍ የሚያገኘው ከመምህር አፍ እንደሚሰማው አይደለም፤ እያንዳንዱ አንባቢ እንደ አእምሮው መጠን ነው የሚረዳው ይላል። የሚጽፈውም ለማያውቃቸው ሳይሆን ለሚያውቃቸውና ፊት ለፊት ላነጋገራቸው እንደሆነ ይገልጻል። ማለትም አድራሻውን አልደበቀም። በሌላ ደብዳቤው ደግሞ ስለ ሥጋዊ ጉዳይ፣ ስለ ንግድና ስለ ኑሮ፣ መጠየቃቸውን እንዲተዉ ተከታዮቹን ይወቅሳል። ሳኦል ስለጠፉት አህዮች ሳሙኤልን የጠየቀው ሳሙኤል ነቢይ ስለነበረ ነው፤ እኔ ነቢይ አይደለሁም ነው ነገሩ።

አንድ መሪ «ይህን አላውቅም፣ ይህን አትጠይቁኝ» ብሎ ሲጽፍ ሥልጣኑ ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል? በእኔ ንባብ ይጨምራል። ወሰኑን የነገረህን ሰው በወሰኑ ውስጥ ልታምነው ትችላለህ። ገላውዴዎስ ይህን ወሰን ለወለተ ጴጥሮስ አላስቀመጠላትም። ስለ ሌላ ሰው የሚጽፍ አድናቂ ወሰን ማስቀመጥ ይከብደዋል። የሚያሳዝነው ግን፣ ገድሉ ራሱ እሷ መሪነትን የምትሸሽ፣ ከሕዝብ ይልቅ ብቸኝነትን የምትመርጥ ሴት እንደነበረች ይነግረናል። ራሷ ብትጽፍ ኖሮ ምናልባት ከታንያ መቅድም ጋር የሚቀራረብ ነገር እናነብ ነበር።

ጋይንት ድረስ ለምን ይኬዳል?

በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ ይህ የፊት ለፊት ነገር አሁንም አለ። ድጓ የተማረ ሰው፣ የትም ይማር የት፣ ለመመስከር ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል። ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አምባ። ዜማው ምልክት አለው፤ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ታዲያ ለምን ይኬዳል? የኔታ ፊት ቀርቦ ዜማውን ማድረስ ስላለበት ነው። የኔታ የሚሰሙት መጽሐፉን አይደለም፤ የዚህን ልጅ ጉሮሮ፣ የዚህን ልጅ ስህተት ነው። አንዱን «ፍጠን» ይሉታል፣ ሌላውን «ቀስ በል»። ሁለቱም ልክ ነው። ይህን ለሁሉም በአንድ ቃል መናገር አይቻልም።

የንስሐ አባትም እንዲሁ ነው። ሲሠራ የሚሠራው ቤቱን ስለሚያውቅ ነው። ጠበል ይረጫሉ፣ ማዕድ ይባርካሉ፣ ልጅ ሲወለድም ሰው ሲሞትም አሉ። ባልየው ስለ ሚስቱ የሚለውንም ሚስትየው ስለ ባሏ የምትለውንም ሰምተዋል። ስለዚህ «ታገሺ» ሲሉ ምን እንድትታገሥ እንደሆነ ያውቃሉ። «አሁንስ ይብቃ» ሲሉም ያውቃሉ። ንስሐ ደግሞ ምሥጢር ነው፤ አይወራም፣ አይጻፍም። ከዚህ አንድ ከባድ ነገር ይከተላል። ጥሩው ምክር፣ ትክክለኛው ምክር፣ በአብዛኛው እኛ ፈጽሞ የማናነበው ነው። ተጽፎ ወይም ተቀርጾ እጃችን የገባው ከዚያ የተረፈው ነው።

ይህን ኑሮ ከልክ በላይ ማወደስም አልፈልግም። ቤቱን የሚያውቅ ሰው ቤቱን ሊጫን ይችላል። ትንሽ አገር ውስጥ ሁሉም ዘመድ ነው፤ አንዳንዴ የንስሐ አባት የባልየው አጎት ይሆናሉ። ብዙ ወጣት ደግሞ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ነው፤ የንስሐ አባቱ ደብረ ታቦር ቀርተዋል፤ በዓመት አንዴ ስልክ መደወል ነው። ቪዲዮው የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ሰው መካሪ ስላጣ ነው ለሌላ ሰው የተባለውን የሚሰማው። ይህን ረሃብ መናቅ አይገባም። ግን ረሃብ ያገኙትን ሁሉ ምግብ አያደርገውም።

እንዴት እናንብበው?

ገድለ ወለተ ጴጥሮስን ለአንድ ወዳጄ ብሰጠው ሦስት ጥያቄ ይዞ እንዲያነብ እነግረዋለሁ። ይህ ለማን ተባለ? የተናገረው ስለዚያ ሰው ምን ያውቃል? ከዚያስ ምን ሆነ? ከሸሸችባቸው ምዕራፎች ላይ ሦስቱም መልስ አላቸው፤ ለዚህ ነው ከ350 ዓመት በኋላም ትኩስ የሆኑት። ተአምራቱ ላይ ሦስተኛው ብቻ ነው መልስ ያለው፤ እሱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ቪዲዮው ላይ ሦስቱም ባዶ ናቸው።

ከዚህ ተነስቼ የምመኘው አንድ ነገር አለ። ገድሉ የግእዝ ሊቃውንት፣ የውጭ አገር ተመራማሪዎችና የኦንላይን ተከራካሪዎች ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ምዕመናን በየበዓሉ የሚሰሙት፣ ወጣቶችም በስልካቸው ሊያነቡት የሚችሉ፣ በእያንዳንዱ ክፍል ሥር «ይህ የተባለው ለእገሊት ነው፤ ጊዜው የግዞት ነበር፤ ነገሩ እንዲህ ነበር» የሚል ማብራሪያ ያለው የአማርኛ እትም ያስፈልገዋል። በአንድምታ ባህላችን የምናውቀው ሥራ ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም። «አንድም» የሚለውን ቃል የፈጠረ አገር፣ ምክርን ያለ ጥያቄዋ አርባ ሰከንድ ውስጥ ማጎር የለበትም።

እስከዚያው ድረስ፣ «ታገሺ» የሚል ቪዲዮ የላካችሁላት እህት ካለች፣ መልሳችሁ ደውሉላትና ምን ሆና እንደሆነ ጠይቋት።